ደብሊው-ቱ ሥራ እያለኝ የዩቲዩብና የትርጉም ገቢዬን ታክስ ላይ እንዴት ላስገባ?

ሰላም_ስልቨርስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የ2025 ታክሴን ራሴ በሶፍትዌር ልሞላ ነው፤ ከመላኬ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ የምሞላው በሲንግል ነው። ቋሚ ሥራዬ በደብሊው-ቱ (አሠሪ በሚሰጠው የደመወዝ ቅጽ) 42,000 ዶላር ከፍሎኛል።

ከዚያ ውጪ በኢንተርኔት ሁለት ገቢ አለኝ። አንደኛው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ሥራ ሲሆን ሥራው የሚመጣው በፍሪላንስ ድረ ገጽ በኩል ነው፤ ድረ ገጹ 10 በመቶ ኮሚሽኑን ቆርጦ በዓመቱ ባንኬ ያስገባልኝ 12,780 ዶላር ነው። ሁለተኛው ስለ አበሻ ምግብ አሠራር ከምሠራበት የዩቲዩብ ቻናል የተገኘ 9,300 ዶላር ነው። ለዩቲዩቡ 1099-ሚስክ መጥቶልኛል፣ ሳጥን 2 ላይ ተሞልቶ። ለትርጉሙ ግን ምንም ቅጽ አልመጣም።

ወጪዎቼ፦ አዲስ አበባ ላለ ቪዲዮ አቀናባሪ 2,400 ዶላር፣ ካሜራና መብራት 1,080 ዶላር፣ ከቤት ኢንተርኔትና ከስልክ ሒሳብ ለሥራው የዋለው ድርሻ 600 ዶላር (ለሁለቱ ሥራዎች እኩል እኩል)።

ቅጽ ያልመጣበትን ገቢ ማስገባት ግድ ነው? የትኛው ቅጽ ላይ? ለአዲስ አበባው ልጅ 1099 ማውጣት አለብኝ? ከዚህ በኋላስ ከሚገባልኝ ገንዘብ ምን ያህሉን ለታክስ ላስቀምጥ? በ2024 ደግሞ ከትርጉም 5,000 ዶላር አግኝቼ ሳላስገባ አልፌዋለሁ፤ እሱስ ምን ይሁን?

ታክስ_አዘጋጅ_ቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ ቅጽ መጣም አልመጣም ገቢው ገቢ ነው። 1099 ከፋዩ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) «ለእገሊት ይህን ያህል ከፍያለሁ» ብሎ የሚያሳውቅበት ወረቀት ነው እንጂ የታክስ ግዴታን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ድረ ገጹ 1099-ኬ (የክፍያ ድረ ገጾች የሚልኩትን ዓይነት) ያልላከልሽ በፌዴራል ሕግ በ2025 ግዴታ የሚመጣበት ከ20,000 ዶላር በላይ እና ከ200 በላይ ክፍያዎች ሲኖሩ ብቻ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። 600 ዶላር ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ገደብ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ተሽሯል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ከ20,000 በታች ነፃ ነው» ይላል፤ ስህተት ነው። አንቺን የሚመለከትሽ ቁጥር 400 ዶላር ነው። ከግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ሪተርን (ዓመታዊ የታክስ ማስታወቂያ) መሙላትም ታክሱን መክፈልም ግዴታ ነው። በዜል፣ በካሽ አፕ ወይም በላይቭ ስጦታ የገባ የሥራ ገንዘብም በዚሁ ይቆጠራል።

የምታስገቢው ባንክ የገባውን አይደለም። ከትርጉሙ ያገኘሽው 14,200 ዶላር ነው፤ ድረ ገጹ የቆረጠው 1,420 ዶላር ወጪ ነው። ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) መስመር 1 ላይ 14,200፣ መስመር 10 ላይ 1,420 ጻፊ። አሁን ልዩነቱ ውጤት አይቀይርም፤ ወደፊት 1099-ኬ የመጣልሽ ዕለት ግን ቅጹ የሚይዘው ኮሚሽን ሳይቀነስ ያለውን ጠቅላላ ድምር ነው። አንቺ የተጣራውን ብቻ ጽፈሽ ከተገኘሽ የአይአርኤስ ኮምፒውተር ልዩነቱን ያልተነገረ ገቢ አድርጎ ሲፒ2000 የሚባለውን ደብዳቤ ይልክልሻል።

ትርጉምና ቪዲዮ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ሁለት ስኬጁል ሲ ትሞያለሽ። የትርጉሙ 14,200 ሲቀነስ 1,420፣ ሲቀነስ 300 የኢንተርኔት ድርሻ፣ 12,480 ዶላር ይተርፋል። የዩቲዩቡ 9,300 ሲቀነስ 2,400፣ 1,080 እና 300፣ 5,520 ዶላር ይተርፋል። ድምሩ 18,000። የግል ሥራ ታክሱ በሚሰላበት ስኬጁል ኤስኢ ላይ ግን አንድ ላይ ይደመራሉ።

የዩቲዩቡ ቅጽ ላይ ተጠንቀቂ። ሳጥን 2 ሮያሊቲ ማለት ስለሆነ ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ስኬጁል ኢ ይወስደዋል። ስኬጁል ኢ የቤት ኪራይና የድሮ መብት ክፍያ ዓይነት ገቢ የሚገባበት ነው፤ አንቺ ግን በየሳምንቱ እየቀረጽሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፣ ቦታው ስኬጁል ሲ ነው። ሶፍትዌሩ «ይህ ገቢ ከየት መጣ?» ሲልሽ ከግል ሥራ የሚለውን ምረጪ። አለዚያ የግል ሥራ ታክሱ ሳይሰላ ይቀርና በኋላ ከነወለዱ ይጠየቃል።

ካሜራና መብራቱን በየዓመቱ እየከፋፈልሽ መቀነስ የለብሽም። አንዱ ዕቃ ከ2,500 ዶላር ካልበለጠ ሪተርኑ ላይ የሚያያዝ አጭር መግለጫ ጨምረሽ በአንድ ዓመት ሙሉውን መቀነስ ትችያለሽ፤ ሶፍትዌሩ ይጠይቅሻል፣ «አዎ» በይው። ምርጫው በየዓመቱ እንደገና የሚደረግ ነው።

አሁን ስሌቱ። 18,000 በ92.35 በመቶ ሲባዛ 16,623፤ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 2,543 ዶላር። ይህ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ነው። ደብሊው-ቱ ላይ ግማሹን አሠሪው ስለሚከፍል አይታይሽም፤ በግል ሥራ አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንቺ ነሽ። የዚህ ግማሽ፣ 1,272 ዶላር፣ ከገቢሽ ይቀነሳል። ቀጥሎ ለግል ሥራ ባለቤቶች የተፈቀደው 20 በመቶ ተቀናሽ አለ፣ ቅጽ 8995 ላይ፤ ያንቺ 3,346 ዶላር ይመጣል። የ2025 የሲንግል መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ነው። ሁሉም ሲቀነስ ታክስ የሚከፈልበት ገቢሽ 39,632 ይሆናል፤ 12 በመቶ ውስጥ ነሽ። የኢንተርኔት ሥራው የሚጨምርብሽ የገቢ ታክስ 1,606 ነው፤ ከ2,543 ጋር 4,149 ዶላር ለፌዴራል። የሜሪላንድ 4.75 እና የሞንጎመሪ 3.2 በመቶ አንድ ላይ ወደ 1,330 ይጨምራሉ። በድምሩ 5,479፣ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ከወጪ የተረፈውን 30 በመቶ ገቢው በገባበት ቀን ወደ ሌላ አካውንት አዛውሪ።

የሺ_ቡክኪፐር፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ወጪዎቹ ላይ ልጨምር።

ለአዲስ አበባው አቀናባሪ 1099 አይወጣም። የውጭ ዜጋ ሆኖ ሥራውን በሙሉ ኢትዮጵያ ተቀምጦ ስለሚሠራ ገቢው ከአሜሪካ ምድር የተገኘ አይደለም፤ 30 በመቶ መያዝም አይኖርብሽም። ግን ወረቀት ያስፈልግሻል። ደብሊው-8ቤን (የውጭ ዜጋ መሆኑን የሚያረጋግጥበትን ቅጽ) አስሞልተሽ አንቺ ጋ አስቀምጪ፤ ወደ አይአርኤስ አይላክም። የፈረመበት ዓመት ካለቀ በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ያገለግላል። ከዚያ በየወሩ ስንት ቪዲዮ እንደሠራና ስንት እንደሚገባው የሚገልጽ አጭር ደረሰኝ በኢሜይል ይላክልሽ፣ የሐዋላውን ማረጋገጫ አጠገቡ አያይዢው። ስኬጁል ሲ ላይ መስመር 11 ነው። ለእናት ለአባት የሚላክ ገንዘብ ከዚህ ጋር ፈጽሞ እንዳይደባለቅ፤ እሱ የቤተሰብ ድጋፍ ነው፣ አይቀነስም። አቀናባሪው የሥጋ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ይበልጥ ጠንካራ መሆን አለበት።

ስትልኪም ከባንክ አካውንትሽ ወይም ከዴቢት ካርድሽ ላኪ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር የሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ፤ ከባንክ አካውንትና ከዴቢት ካርድ በሚላከው ላይ የለም። ማስረጃውም በዚያው ይቀመጥልሻል።

የምግብ ቻናል ስለሆነ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ለቀረጻ ብለሽ የገዛሽው የሀበሻ ቀሚስ አይቀነስም፤ ለበዓልም ለቤተ ክርስቲያንም የሚለበስ ልብስ የግል ልብስ ነው፣ ለካሜራ ብቻ ብትለብሽውም። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ሥጋው ላይ ደግሞ ለቪዲዮ የተገዛውን ለብቻው ደረሰኝ አስቆርጪ። የወር አስቤዛውን ጠቅልለሽ ወጪ ብታደርጊ አይያዝልሽም፤ ቤተሰቡ የሚበላው ምግብ የቤት ወጪ ነው። ምጣዱ፣ ድስቱ ቀረጻ ላይ ብቻ የሚውል ከሆነ ይቀነሳል፣ እራትም የሚሠራበት ከሆነ የሚቀነሰው ድርሻው ብቻ ነው።

ቤትሽ ውስጥ ለቀረጻና ለትርጉም ብቻ የምትጠቀሚበት ክፍል ካለ በቀላሉ መንገድ በስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ ይቀነሳል። 120 ስኩዌር ፊት ከሆነ 600 ዶላር ነው። «ብቻ» የሚለው ቃል የምር ነው። እንግዳ የሚያድርበት ክፍል ወይም ሳሎን ያለ ጠረጴዛ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ አገር ሰው ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም፦ ስም። ፓስፖርታችን ላይ የአያት ስም ነው ላስት ኔም ሆኖ የሚገባው፤ ብዙ ሰው ግን ድረ ገጽ ላይ ሲመዘገብ በራሱና በአባቱ ስም ይመዘገባል። ደብሊው-9 (ለከፋይ ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚሰጥበት ቅጽ) ላይ ያለው ስም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ከፋዩ ከአይአርኤስ ማስጠንቀቂያ ይደርሰውና ካልተስተካከለ ከክፍያሽ 24 በመቶ መያዝ ይጀምራል። ሪተርኑንም ኢ-ፋይል ስታደርጊ ላስት ኔሙ ከቁጥሩ ጋር ካልገጠመ ይመለሳል። ካርዱን አውጥተሽ ፊደል በፊደል አስተያዪ።

ቁጥር_ወዳጅ፦

ስለ አከፋፈሉ። የ2026 ታክስ እስከ ኤፕሪል 2027 አይጠበቅም። ከደብሊው-ቱ የተያዘው ተቀንሶ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሚቀርብሽ ከሆነ በዓመት አራት ጊዜ መክፈል አለብሽ፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ከዚያ ጃንዋሪ 15 ቀን 2027። ልብ በይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ጁን 15 ነው። ካንቺ ስሌት ተነስተን 4,149 ለአራት ሲካፈል ወደ 1,040 ዶላር ነው። ሜሪላንድም የራሷን በእነዚሁ ቀናት ትጠብቃለች። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ካነበበ ግን የመጀመሪያው ሜይ 1 ነው።

ከቅጣት የሚያድን መስመር አለ። በዓመቱ ውስጥ የተያዘብሽና የከፈልሽው ካለፈው ዓመት ጠቅላላ ታክስሽ (በዋናው የሪተርን ቅጽ፣ 1040፣ መስመር 24) ካላነሰ ዘንድሮ ምንም ያህል ብታገኚ ቅጣት የለም። ያለፈው ዓመት ገቢሽ ከ150,000 ከበለጠ 110 በመቶ ይሆናል። ሌላው መንገድ የዘንድሮውን 90 በመቶ መክፈል ነው፤ ገቢው ወር በወር ለሚለያይ ሰው ግን የመጀመሪያው ይሻላል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ቋሚ ሥራ ላለው ሰው ደግሞ እኔ የምመርጠው ከዚህም የቀለለ ነው። አሠሪሽ ጋ አዲስ ደብሊው-4 (ከደመወዝሽ ምን ያህል ታክስ እንደሚያዝ የሚነገርበትን ቅጽ) ሙይና 4(ሲ) ላይ ተጨማሪ የሚያዝ ገንዘብ ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈልሽ ከሆነ 160 ዶላር በ26 ክፍያ 4,160 ይሆናል፤ የፌዴራሉን ይሸፍናል። ከደመወዝ የተያዘ ታክስ በዓመቱ ላይ እኩል እንደተከፈለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ነቅተሽ በቀሩት ደመወዞች ብታካክሽው እንኳ ያለፉት ቀናት ቅጣት አይመጣም። በየሩብ ዓመቱ በእጅ የሚከፈለው ይህ ጥቅም የለውም። ዓመቱ ጀምሮ ከሆነ በቀሩት ደመወዞች ቁጥር አካፍዪው።

በዳይሬክት ፔይ (በአይአርኤስ የኢንተርኔት መክፈያ) ለመክፈል ከወሰንሽ ምክንያቱ ላይ «ኤስቲሜትድ ታክስ»፣ ቅጹ 1040-ኢኤስ፣ ዓመቱ 2026 መሆኑን ሳታይ አትጫኚ። ዓመቱ 2025 ሆኖ ከተላከ ገንዘቡ ወደ ሌላ ዓመት ገብቶ ቅጣት ይሰላብሻል፤ ለማስተካከልም ስልክ ይዞ ሰዓታት መጠበቅ አለ። ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠይቀው አድራሻ ድሮ በላክሽው ሪተርን ላይ ያለውን ነው። ቤት ከቀየርሽ የአሁኑን ስታስገቢ አልቀበልም ይላል፤ የጣቢያው ብልሽት አይደለም። ባልና ሚስት አብረው የሚሞሉ ከሆነም ክፍያው ሪተርኑ ላይ መጀመሪያ በተጻፈው ሰው ቁጥር ቢገባ ፍለጋው ይቀላል።

አትላንታ_ነዋሪ፦

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ልጠይቅ። ቻናሉ የአዲስ አበባ ወንድሜ ነው፣ ሥራውም የሱ ነው፤ የዩቲዩብ ክፍያው ግን በኔ ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው የሚገባው። እኔ እልክለታለሁ። ታክሱ የማን ነው?

ታክስ_አዘጋጅ_ቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ በቁጥርህ የወጣ 1099 ካለ አይአርኤስ የሚያየው አንተን ነው፤ ዝም ብለህ ሪተርንህን ብትልክ ደብዳቤው ላንተ ነው የሚመጣው። እውነተኛው ባለቤት እሱ ከሆነ አንተ በእሱ ስም ተቀባይ ነህ፣ ነገሩም ከሚመስለው ይከብዳል። ከአሜሪካ ተመልካች የተገኘውን ድርሻ ለውጭ ዜጋ የምታስተላልፍ ሰው ስለሆንክ 30 በመቶ ይዘህ በቅጽ 1042 እና 1042-ኤስ ማሳወቅ ሊጠበቅብህ ይችላል። ያለፉትን ዓመታት በሶፍትዌር ለማስተካከል አትሞክር፤ የውጭ ዜጋ ክፍያ የሚያውቅ ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ) ወይም ሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) ጋ ውሰደው።

ወደፊት ክፍያው በሱ ስም በደብሊው-8ቤን ይሁን። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው 30 በመቶው ይያዛል፤ የሚያዘው ግን ከአሜሪካ ተመልካቾች በመጣው ገቢ ላይ ብቻ ነው። ከ1,000 ዶላር ውስጥ 200 ዶላሩ ከአሜሪካ ቢሆን የሚያዘው 60 ዶላር ነው። ምንም የታክስ ቅጽ ካልሞላ ግን ከመላው ዓለም ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊያዝበት ይችላል፤ ይኸውም 240 ዶላር። የአገር ቤቱን ታክስ ደግሞ እዚያው ይጨርሳል።

ግሪንካርድ_እና_ታክስ፦

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፣ የ2024ቱን ልመልስልሽ። ዘንድሮው ላይ ደርበሽ እንዳታስገቢ፤ የየዓመቱ ገቢ በየዓመቱ ነው። ቅጽ 1040-ኤክስ (የተላከ ሪተርን ማስተካከያ) ከስኬጁል ሲ እና ኤስኢ ጋር ለ2024 ትሞያለሽ፣ ለሜሪላንድም የማሻሻያ ቅጹን። ወጪ ከሌለው 5,000 ዶላር ላይ የግል ሥራ ታክሱ 707 ዶላር ነው፤ 12 በመቶ ውስጥ ከነበርሽ የገቢ ታክሱ ወደ 446፣ ሜሪላንድና ካውንቲው ወደ 370። ወለዱ ከኤፕሪል 15 ቀን 2025 ጀምሮ ይቆጠራል፤ በ2025 በዓመት 7 በመቶ ነበር። ራሱ አይአርኤስ አስልቶ ይልክልሻል። እነሱ ደብዳቤ ሳይጽፉ አንቺ ቀድመሽ ካስተካከልሽ ገቢ በማሳነስ የሚጣለው 20 በመቶ ቅጣት አይደርስብሽም። ይህን ነገር ለነገ አታሳድሪው።

ለስደተኛ ይህ ከገንዘቡም በላይ ነው። ለዜግነት ኤን-400 ስትሞይ ያልተከፈለ ታክስ አለብሽ ወይ ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። ዕዳ ኖሮ በስምምነት እየከፈልሽ ከሆነ የስምምነቱን ወረቀት ይዘሽ ትቀርቢያለሽ፤ ያልተነገረ ገቢ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ የምታስረጂበት ወረቀት የለውም። ባለቤትሽን፣ ወይም ዜጋ ከሆንሽ በኋላ እናትሽን ለማምጣት የስፖንሰርነት ቅጹን አይ-864 ስትፈርሚም የሚታየው 1040 ላይ ያለው ጠቅላላ ገቢ ነው፣ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት። የኢንተርኔት ገቢው እዚያ የሚገባው ስኬጁል ሲ ላይ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ነው። ወጪ ያለልክ የሚያስነፋ አዘጋጅ ኤፕሪል ላይ ጥቂት መቶ ዶላር አድኖልሽ ስፖንሰር ስትሆኚ ገቢሽ አልደረሰም ያስብልሻል።

ሶሻል ሴኩሪቲም አለ። ለጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፣ በዓመት ቢበዛ 4 ነው። ባንቺ ደመወዝ አራቱ ይሞላሉ፤ የጡረታው መጠን ግን ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት ስለሚሰላ ያላስገባሽው ገቢ እዚያም ይጎድላል። የ2024 የግል ሥራ ገቢ እንዲመዘገብልሽ እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2028 መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ታክሱን ብትከፍዪም መዝገቡ ላይ አይጨመርልሽም።

አገር ቤት የዳያስፖራ አካውንት ካለሽና በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን የውጭ አካውንቶችሽ ድምር ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ኤፍባር፣ ማለትም ፊንሰን 114፣ ለብቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ታክስ የለውም፣ አለመሙላቱ ግን ከባድ ቅጣት አለው።

ሰላም_ስልቨርስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለቱን ስኬጁል ሲ ለይቻለሁ፣ ሳጥን 2ንም አስተካክያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የ2025ቱን ሙሉውን ኤፕሪል 15 ላይ መክፈል ባልችል ገንዘቡ እስኪሞላ ሪተርኑን ላቆየው?

ታክስ_አዘጋጅ_ቨርጂኒያ፦

በፍጹም አታቆዪው። ሳይላክ የቆየ ሪተርን ካልተከፈለው ታክስ ላይ በወር 5 በመቶ ይቀጣል፣ እስከ 25 በመቶ። ተልኮ ያልተከፈለ ግን በወር 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ በጊዜው ልከሽ የክፍያ ስምምነት ከገባሽ 0.25 ይሆናል። ቅጽ 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ያራዝምልሻል፤ የሚያራዝመው ግን መላኪያውን ነው፣ መክፈያውን አይደለም። ስለዚህ በቀኑ ላኪ፣ በእጅሽ ያለውን ክፈዪ፣ ለቀረው አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የክፍያ ስምምነት ጠይቂ። በ180 ቀን ውስጥ የምትጨርሺ ከሆነ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ከዚያ በላይ በወር በወር ከሆነ ከባንክሽ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጊው፣ ክፍያው ያንሳል። የሜሪላንዱ ስምምነት የሚጠየቀው ለብቻው ከኮምትሮለሩ ቢሮ (ከግዛቷ ታክስ ሰብሳቢ) ነው።